ዲስኩ እስኪዞር

ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ሰፈር ውስጥ መድኃኒት የማያዝ ሰው የለም። አንዱ «ቫይረስ ነው» ይላል፤ ሌላው «ራም ጨምርበት»፤ ሦስተኛው ማሽኑን እንኳ ሳያየው «ፎርማት ይደረግ» ብሎ ይፈርዳል። የፎርማት ፈራጆች የሚያናድዱት ብዙ ጊዜ ልክ ስለሚሆኑ ነው፤ የሠርጉን ፎቶ ጨምሮ ያለውን ሁሉ አራግፎ የጣለ ማሽን ለምን አይፈጥንም? በእኔ ዘመን ግን ከመድኃኒቶቹ ሁሉ የተከበረው ዲፍራግ፣ ማለትም ዲስክ ላይ የተበታተነውን ፋይል መልሶ መደርደር፣ ነበር። ክብሩን ያገኘው ከፈውሱ ይልቅ ከትርኢቱ ይመስለኛል።

ዊንዶውስ 98 የነበረው ሰው ያስታውሰዋል። ዝርዝር አሳየኝ የሚለውን ሲጫኑት ስክሪኑ በጥቃቅን ባለቀለም ካሬዎች ይሞላል፤ ካሬዎቹ ከወዲያ እየተነሡ ወዲህ ይሰለፋሉ፤ ሃርድ ዲስኩ ከውስጥ ክርር ክርር ይላል። ማውስ እንዳይነካ ለቤተሰቡ ሁሉ ትእዛዝ ይተላለፋል። ምክንያቱም በመሀል ዲስኩ ላይ አንዲት ነገር ከተለወጠች ፕሮግራሙ «ይዘቱ ተለውጧል» ብሎ እንደገና ከዜሮ ይነሣል። ሰው ባይነካው እንኳ ስክሪን ሴቨሩ ብቅ ብሎ ያስነሣዋል። ሰማንያ ምናምን ፐርሰንት ላይ ደርሶ መብራት የሄደበት ሰው ስቅስቅ ብሎ ቢያለቅስ የሚፈርድበት አልነበረም። ሌሊቱን ሲሠራ ካደረ ደግሞ ጠዋት ተሰብስበን «ፈጠነ አይደል?» እንባባላለን። ሰዓት ይዞ የለካ ማንም የለም።

ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው ዲስክ የሚዞር ዕቃ በመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) አይቢኤም ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ውስጥ ያሠራውን ራማክ የተባለ ማሽን አወጣ። ሥራውን የመራው ሬይኖልድ ጆንሰን የሚባል፣ ቀድሞ የሁለተኛ ደረጃ መምህር የነበረ ሰው ነው። እያንዳንዳቸው 61 ሴንቲ ሜትር ግድም ስፋት ያላቸው 50 ሳህኖች በአንድ ዘንግ ላይ ተደርድረው በደቂቃ 1,200 ጊዜ ይዞራሉ። ሃምሳውም ተደምረው የሚይዙት 5 ሚሊዮን ፊደል ነው፤ ዛሬ በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶ ሊሞላቸው ይችላል። የሚያነበው ክንድ ከአንዱ ሳህን ወደ ሌላው ለማለፍ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይጓዛል፣ ከዚያ እንደገና ይገባል። ይህ በአማካይ 600 ሚሊ ሰከንድ ግድም ይፈጅ ነበር። ያኔ የተጀመረው ጭንቀት እኛ ቤት ድረስ መጣ፦ ክንዱ ብዙ አይመላለስ፣ ሳህኑ ዞሮ እስኪመጣም ብዙ አይጠበቅ።

ቅንብር ቀይሮ ዲስክ ማፍጠን እውነተኛ ጥበብ የነበረበት ጊዜም ነበር። በ1983 የወጣው አይቢኤም ፒሲ ኤክስቲ 10 ሜጋባይት የሚይዝ ሃርድ ዲስክ ነበረው። ሳህኑ ላይ ያለው እያንዳንዱ ክብ መስመር 17 ቦታ ተከፋፍሏል። ችግሩ መቆጣጠሪያ ካርዱ ቀርፋፋ ነበር፤ አንደኛውን ቁራጭ አንብቦ ለማሽኑ እስኪያስረክብ ሁለተኛው ከሥሩ ሾልኮ ሄዷል። አውቶቡስ በአንድ እርምጃ እንዳመለጠው ሰው፣ ሙሉውን ዙር ዞሮ እስኪመጣ ቆሞ መጠበቅ ነው። መሐንዲሶቹ ታዲያ ቁጥሮቹን ሆን ብለው አራርቀው አስቀመጧቸው፦ ከ1 ቀጥሎ ያለውን ቦታ ለሌላ ቁጥር ትተው 2ን ከ1 በኋላ ባለው ስድስተኛው ቦታ ላይ። ካርዱ ትንፋሹን ሰብስቦ ሲዘጋጅ 2 ልክ ይደርሳል። በዚህ ዘዴ አንድ መስመር በ6 ዙር ይነበባል። ብዙ ይመስላል፤ በተርታ ቢደረደሩ ግን 17 ዙር ይፈጅ ነበር።

ፈጠን ያለ ካርድ ያለው ሰው ይህንን 6 ወደ 3 ቢያወርደው ያው ዲስክ፣ አንድ ብሎን ሳይነካ፣ በእጥፍ ይፈጥናል። ስግብግብ ሆኖ ካርዱ ከሚችለው በታች ካወረደው ግን ወደ 17ቱ ዙር ይመለሳል። የልኩን ቁጥር ማወቅ ነበር ሙያው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ስቲቭ ጊብሰን የተባለ አሜሪካዊ ስፒንራይት በሚባል ፕሮግራም ስሙ የገነነው ይህንኑ ለክቶ፣ በዲስኩ ላይ ያለውን ሳያጠፋ ስላስተካከለ ነው። ቆይቶ ካርዶቹ በቂ ፍጥነት አገኙ፤ ቁጥሩም 1 ሆኖ ቀረ፤ ሙያው ሞተ። ምኞቱ ግን አልሞተም፤ ሌላ ሥራ ፈለገ።

ያገኘውም ዲፍራግን ነው። ፋይል ሲጠፋ ቀዳዳ ይተዋል፤ አዲስ የመጣው ትልቅ ፋይል በየቀዳዳው ተቆራርጦ ይገባል፤ ክንዱም ቁርጥራጩን ለመልቀም ሲመላለስ ይውላል። ይህ ተረት አይደለም፤ ማይክሮሶፍትም በ1993 በወጣው ዶስ 6 ውስጥ ማስተካከያውን ከሲማንቴክ ኩባንያ ወስዶ አስገባው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ በሚዞር ዲስክ ላይ አንድ ዙር 8 ሚሊ ሰከንድ ከምናምን ይፈጃል፤ ለሰው ኢምንት፣ ለፕሮሰሰር ግን ሚሊዮን ሥራ የሚሠራበት ጊዜ ነው። እና ጥቅም ነበረው። ጥቅሙ ግን ያን ሁሉ ሌሊት የሚያስቆጥር አልነበረም፤ በተለይ ግማሹ ባዶ በሆነ ዲስክ ላይ። በ2007 ለገበያ የበቃው ዊንዶውስ ቪስታ ሥራውን በሳምንት አንዴ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ራሱ እንዲሠራው አድርጎ ሥዕሉን አስወገደ። ብዙ ሰው ተቆጣ። ዲስኩ መስተካከሉን አልጠላም፤ ሲስተካከል አለማየቱን እንጂ።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያስቀኝ ሌላ ነው። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ዲስክን በእርግጥ የሚያንቀራፍፍ አንድ ነገር ነበረ፤ ማንም አያየውም። መረጃ ከዲስክ ወደ ራም የሚሄድበት ሁለት መንገድ አለ። በዲኤምኤ ዲስኩ በቀጥታ ያስረክባል፤ በፒአይኦ ፕሮሰሰሩ ራሱ ቁራጭ በቁራጭ ይሸከማል። ኤክስፒ በማስተላለፍ ላይ ስድስት ስህተት ሲጠራቀምበት ወደ ቀርፋፋው ወረድ ይላል፤ እየወረደ እየወረደም መጨረሻው ፒአይኦ ነው። ለባለቤቱ አይነግረውም። ከ100 ሜጋባይት በሰከንድ ወደ 16 ግድም! ለዚህ አንድ የላላ ኬብል ይበቃል። መድኃኒቱ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ገብቶ ዲስኩ የሚገናኝበትን የአይዲኢ መስመር ማጥፋትና ኮምፒውተሩን እንደገና ማስነሣት ነበር፤ ዊንዶውስ መስመሩን እንደ አዲስ ያገኘዋል፣ ቂሙንም ይረሳል። ሻይ እስኪፈላ የሚያልቅ ሥራ ነው። ካሬም፣ ቀለምም፣ ክርር ክርርም የለውም፤ ስለዚህ ዝና አላገኘም።

እዚያው አካባቢ ራይት ካሺንግ የሚባል ምልክት ማድረጊያ አለ። ምልክቱ ከተደረገ ዲስኩ ገና በራሱ ሚሞሪ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ «ጽፌዋለሁ» ይላል፤ ኮምፒውተሩም አምኖ ወደ ሌላ ሥራ ያልፋል። በኋላ በመጡት ዊንዶውሶች ደግሞ ከሥሩ ሁለተኛ ሣጥን ተጨመረ፤ የራሱ የኃይል ምንጭ የሌለው ዲስክ ላይ እንዳትነኩት የሚል ማስጠንቀቂያም አለው። ኮምፒውተር አፍጥኑ የሚሉ መካሪዎች ግን ሁለቱም ላይ ምልክት አድርጉ ይላሉ። መካሪው መብራት የማይሄድበት አገር እንደሚኖር ከአነጋገሩ ያስታውቃል። እኛ ቤት ያለው ዩፒኤስ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ መብራት ሲሄድ አንዴ ጢጥ ብሎ አብሮ ይሄዳል። ሁለተኛውን ሣጥን ባዶውን ትቼዋለሁ።

አሁን የሚዞረው ነገር ራሱ ከቤት እየወጣ ነው። ኤስኤስዲ ክንድ የለውም፣ ሳህን የለውም፤ የመጀመሪያው ቁራጭና የመጨረሻው እኩል ቅርብ ናቸው። የዊንዶውሱ ፕሮግራምም ኤስኤስዲ ሲያገኝ በአብዛኛው መደርደሩን ትቶ የትኛው ቦታ ባዶ እንደሆነ ለዲስኩ ነግሮት ይወጣል። በቅርቡ ያረጀ ላፕቶፔን ሰፈራችን ላለ ጠጋኝ ሰጥቼ የሚዞረውን አስወጥቼ ኤስኤስዲ አስገባሁበት። ልወስደው ስሄድ ማሽኑን ከፈተልኝ፤ ወንበር ስቤ ሳልቀመጥ ዊንዶውስ ገብቶ ጨርሷል።

«ዲፍራግም አድርጌበታለሁ ጋሼ» አለኝ ልጁ፣ በኩራት።

ስለ ክንዱ፣ ስለ ሳህኑና ስለ 17ቱ ዙር ላስረዳው አፌን ከፈት አድርጌ ነበር። ከኋላዬ ሁለት ሰው ተራ ይጠብቃል።

«ለእሱ ስንት ልጨምር?» አልኩት።

«ኧረ ምንም! እሱ ምርቃት ነው።»