ከሥራ ከተቀነስኩ በኋላ፦ ከአርባ ምንጭ እስከ ቡታጅራ በሞተር ብስክሌት

ከሥራ መቀነስ ለማንም ሰው ከባድ ነገር ነው። ለሴት ሲሆን ግን ሌላ ክብደት ይጨመርበታል። ወንድ ሥራውን ሲያጣ ወዳጅ ዘመዱ «እንግዲህ ወዴት ልትሄድ አሰብህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ሴቷን «እንግዲህ ማን ዘንድ ልትገቢ ነው?» ይሏታል። አምና በታኅሣሥ ወር ይህ ጥያቄ ለእኔም ቀረበልኝ። መልሱን ለማግኘት ስምንት ቀን በሞተር ብስክሌት ተጉዣለሁ። በጉዞው ያየሁትና የሰማሁት ለሌሎች እኅቶችም ይጠቅም እንደሆነ በማሰብ እንደሚከተለው አቅርቤዋለሁ።

በአርባ ምንጭ ከተማ በአንድ ድርጅት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ በጋሞ ዞን ወረዳዎች እየተዘዋወርኩ የሴቶችን ኑሮ የሚመለከቱ ዘገባዎችን ማዘጋጀት ነበር። በደጋው ብዙ ቀበሌዎች መኪና እንደ ልብ ስለማይገባ ሞተር መንዳት የተማርኩት ለዚሁ ሥራ ስል ነው። ድርጅቱ አሮጌ ሞተሮቹን በጨረታ ሲሸጥም አንዷን ያማሃ ከቁጠባዬ ገዛኋት። ከዚያ በጀት አነሰ ተባለ፤ ሠራተኛ ሲቀነስም ስሜ በዝርዝሩ ውስጥ ተገኘ።

መጀመሪያ የተነገረኝ የአንድ ወር ደመወዝ ተቀብዬ እንድሰናበት ነበር። እኔ ግን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አስቀድሜ አንብቤው ስለነበር አልፈረምኩም። በአዋጁ መሠረት በቅነሳ የሚሰናበት ሠራተኛ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው ይገባል። የሥራ ስንብት ክፍያውም ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የ30 ቀን ደመወዝ ሆኖ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚሁ አንድ ሦስተኛ እየታከለበት ይሰላል። የስንብቱ ምክንያት ቅነሳ ሲሆን ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል። የእኔ የስድስት ዓመት አገልግሎት ሲሰላ 80 ቀንና 60 ቀን፣ በድምሩ የ140 ቀን ደመወዝ ሆነ። ስሌቱን በወረቀት ጽፌ አቀረብኩ። ከብዙ ምልልስ በኋላ ተከፈለኝ። ይህን በዝርዝር የምጽፈው ብዙ እኅቶች ከድንጋጤ የተነሣ የተሰጣቸውን ወረቀት ሳያነቡ እየፈረሙ ስለሚወጡ ነው።

ገንዘቡ እጄ እንደገባ መካሪው በዛ። አንዲት የማውቃት ሴት ወደ ዓረብ አገር የሚልክ ደላላ እንዳለ ነገረችኝ። በቡታጅራ የሚኖሩት እናቴ በበኩላቸው፣ «ልጄ፣ ሞተሯን ሽጪያትና ነይ። ከደጃችን ላይ ሱቅ ቢጤ ከፍተን እንኖራለን» አሉኝ። ሐሳባቸው ከፍቅር የመነጨ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ሞተሯ ከተሸጠች ሙያዬም አብሮ እንደሚሸጥ ተሰማኝ። ስለዚህ «እማዬ፣ እመጣለሁ፤ የምመጣው ግን በሞተሯ ነው። ከዚያ ተቀምጠን እንመካከራለን» አልኳቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ወንድምሽ እንኳ የሚመጣው በአውቶቡስ ነው» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ለሽርሽር የምሄድ ቢሆን ኖሮ በአንድ ቀን ተኩል ቡታጅራ እገባ ነበር። የእኔ ሐሳብ ግን ሌላ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ሌሎች ሴቶች ኑሮ ስጽፍ ከቆየሁ በኋላ፣ ደመወዝ የሌላት ሴት በምን ትኖራለች የሚለው ጥያቄ የራሴ ሆነ። እንግዲህ ይህን የሚያውቁት ደመወዝ ኖሯቸው የማያውቁት እናቶች ናቸው። ከመመለሴ በፊት በሥራ የማውቃቸውን ሴቶች በየቤታቸው ሄጄ ለመጠየቅ ወሰንኩ።

የጉዞው ዝግጅት ብዙ አልነበረም። ካቴናውን አጥብቄ ዘይት ቀባሁት፤ ካንዴላውን ለወጥኩ፤ ትርፍ ከመነዳሪ፣ የጎማ መፍቻና መንፊያ ያዝኩ። የራስ ቆብ፣ ጓንትና ወፍራም ካፖርትም አልረሳሁም። መንጃ ፈቃዴንና ሊብሬውን በላስቲክ ጠቀለልኳቸው። ከምሽቱ በፊት ማረፍን፣ ቀጥሎ ያለውንም መንገድ ደኅንነት በየደረስኩበት ሽማግሌዎችን መጠየቅን ደንብ አደረግኩ። በጋሞ ምድር የሽማግሌ ቃል ክብደት እንዳለው አርባ ምንጭ ምስክር ናት። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ለበቀል የወጣውን ወጣት የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው፣ መሬት ላይ ተንበርክከው የመለሱት በዚህችው ከተማ ነው።

በጥር ወር መጀመሪያ ከሲቀላ ተነሥቼ ወደ ጨንቻ አቀናሁ። ርቀቱ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም መንገዱ ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ይወጣል። ከአቀበቱ ላይ ሆኖ ወደ ኋላ ለተመለከተ ቀላ ያለው ዓባያና ሰማያዊው ጫሞ፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የሚባለው ተራራማ ወሽመጥ ይታያሉ። ዶርዜ ስደርስ ጉም መንገዱን ሸፍኖት ስለነበር በአንደኛ ማርሽ ተጓዝኩ።

በዶርዜ ሴቶች ጥጥ ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምናሉ። ከጥንት ጀምሮ ብዙ ሸማኔዎች እንጀራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ እየሄዱ በሽሮ ሜዳና በአካባቢው ሠፍረዋል። ያረፍኩባቸው እናት ባለቤታቸው ከሄዱት አንዱ ናቸው። «እርሳቸው ሲሄዱ ‹ለልጆቹ እንጀራ ፍለጋ ሄደ› ተባለ። ልጄ ሐዋሳ ስትሄድ ግን ‹ሴት ልጅ እንዴት ብቻዋን› አሉን። ሁለቱም የሄዱት ለአንድ ነገር ነው» አሉኝ፤ እንዝርታቸውን ሳያቋርጡ።

ልጅቷ በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሸሚዝ ትሰፋ ነበር። አሜሪካ ከእ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ስታስወጣ ትዕዛዝ ቀነሰ፤ የሥራ ቦታቸውን ካጡት ወጣት ሴቶች አንዷም እርሷ ሆነች። ወደ ቤቷ ስትመለስ በገንዘብ በኩል ይዛ የመጣችው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ቀጥ አድርጎ መስፋትን፣ በሰዓት መሥራትንና ጥራት መቆጣጠርን ተምራለች። አሁን በኪራይ የስፌት መኪና እናቷ የፈተሉትን፣ አጎቷ የሸመኑትን ጥበብ ለወጣቶች በሚስማማ ልክ እየሰፋች ትሸጣለች። «ገቢዬ ከሐዋሳው ይበልጣል ወይ ብትይኝ በሠርግ ወራት አዎን፣ በክረምት አይደለም» አለችኝ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

ከጨንቻ ወርጄ ወደ ገረሴ ሄድኩ። ከከተማው ወዲያ ያለው መንገድ ለሞተርም አስቸጋሪ ስለነበረ፣ ሞተሯን በአንድ ቤት አደራ ሰጥቼ በእግሬ ወጣሁ። የማውቃቸው አሮጊት እንሰት ሲፍቁ አገኘኋቸው። ልጃቸው ጋሞኛውን እየተረጎመልኝ ከሥራ መውጣቴን ስነግራቸው፣ መፋቂያውን አስቀምጠው እጃቸውን በትከሻዬ ላይ ጫኑ። «ደመወዝ በወር መጥቶ በወር ያልቃል፤ እንሰት ግን ዛሬ ተክለሽው ከዓመታት በኋላ ነው የሚያበላሽ። አንቺ በስድስት ዓመት ውስጥ ምን ተከልሽ?» አሉኝ። መልስ ለመስጠት ጊዜ ወሰደብኝ። ኋላ ግን ስቆጥረው ጥቂት አልነበረም። የየወረዳውን መንገድ፣ የየገበያውን ቀን፣ በየቀበሌው የምታምነኝን ሴት ደጅ አውቃለሁ። በቅነሳው ዝርዝር ውስጥ ይህ አልተጻፈም፤ ማንም አልወሰደብኝም።

ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ምዕራብ ዓባያን ሳላልፍ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። በሙዝ ማሳ ጥግ አቁሜ ጎማውን መፍታት ስጀምር፣ አይሱዙ ላይ ሙዝ የሚጭኑ ጎልማሶች ከበቡኝ። አንዱ ሳቅ ብሎ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» አለ። ሙዝ የምትሸጥ እናት ከመቀመጫቸው ሳይነሡ፣ «እስቲ ይለቅና እንይ» አሉት። ከመነዳሪውን ለውጬ፣ ነፍቼና ብሎኖቹን አጥብቄ ስነሣ፣ ያው ተሳላቂ ሰው መፍቻዎቹን ሰብስቦ ወደ ቦርሳዬ ከተተልኝ። ሴትዮዋም ሙዝ ሰጥተውኝ ገንዘብ አልቀበልም አሉ።

በርግጥ ሴት በሞተር ረጅም መንገድ ስትሄድ መሳለቂያ መሆኗ በእኛ አገር ብቻ የታየ ነገር አይደለም። ቴሬሳ ዋላክና ፍሎረንስ ብሌንኪሮን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1934 ከለንደን ተነሥተው፣ የሰሐራን በረሃ በሞተር አቋርጠው በሐምሌ 1935 ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ታውን ገብተዋል። አን-ፍራንስ ዶትቪል የተባለችው ፈረንሳዊት ጋዜጠኛ ደግሞ የማስታወቂያ ሥራዋን ትታ እ.ኤ.አ. በ1972 ከፓሪስ ወደ ኢራን ከሌሎች ጋር በሞተር ስትጓዝ፣ በመኪና ተጭና ነው የሄደችው የሚል ሐሜት ተነዛባት። በማግስቱ ዓመት በ1973 ብቻዋን ተነሥታ በአንዲት ትንሽ ካዋሳኪ ዓለምን ዞረች። የእኔ ጉዞ ከእነርሱ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ሐሜቱ ግን አንድ ዓይነት ነው፤ መድኃኒቱም መድረስ ነው።

ሶዶ ላይ ቤንዚን ለመቅዳት ከሞተሮች ሰልፍ ኋላ ተሰለፍኩ። በመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን መግዛት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ዋጋው የማይቀመስ ከመሆኑም በላይ ተቀላቅሎ ከሆነ ሞተር ይጎዳል። ከሦስት ሰዓት ጥበቃ በኋላ ሰርባቶዮውን ሞልቼ በአረካ በኩል ወደ ሆሳዕና ጉዞዬን ቀጠልኩ። በሆሳዕና ያደርኩባት የቀድሞ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ባሏ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ አምስት ዓመቱ ነው። ልጆች ታሳድጋለች፤ ታስተምራለች፤ የዕቁብ ጸሐፊም ናት። «እኔን የሚያሳስበኝ መንገድ ላይ መሆንሽ አይደለም። የሚያሳስበኝ መንገድ ላይ ያለው ሰው ሳይመለስ ሲቀር ነው። አንቺ ግን ወደ እናትሽ ነው የምትሄጂው» አለችኝ።

በስምንተኛው ቀን፣ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዝኩ በኋላ፣ ቡታጅራ ገባሁ። እናቴ ከደጅ ቆመው ሞተሯን ዞር ዞር ብለው ተመለከቷት። ለብዙ ጊዜ አልተናገሩም። ከዚያ ከገረሴ የተላከውን ቆጮ ሳወጣላቸው ጥቂት ቀምሰው፣ «እነርሱም እንደኛው ነው የሚያዘጋጁት» አሉና ፊታቸው ተፈታ። ማታ ሒሳቡን አብረን ሠራን። ከስንብቱ ክፍያ አንድ ሦስተኛው ለሱቁ እንዲውል፣ ሞተሯ ግን እስከ ሰኔ ድረስ እንዳትሸጥ ተስማማን። እስከዚያ በጽሑፍ ሥራ ራሴን መቻሌ ካልታየ እኔው ራሴ ገበያ አወጣታለሁ አልኩ።

ሰኔ አልፏል፤ ሞተሯ አልተሸጠችም። በየወረዳው እየዞርኩ ለጋዜጣና ለሬዲዮ ዘገባ አቀርባለሁ። የማገኘው ከቀድሞ ደመወዜ ያንሳል፤ በአንዳንዱ ወርም በግማሽ ያንሳል። ሱቁ ቤት ኪራይ ስለሌለበት የጎደለውን ይሸፍናል። ከእናቴ ጋርም በየወሩ መጨረሻ ሒሳቡን እንተሳሰባለን።

እንግዲህ ከሥራ ለተቀነሱ እኅቶች ሁሉ ሞተር ግዙና መንገድ ውጡ አልልም። የልጆች እናት፣ በሽተኛ የምታስታምም፣ የቤት ኪራይ የሚጠብቃት ሴት ይህን ማድረግ አትችልም። ለሁሉም የሚሆነው ግን ይህ ነው፦ ሳያነቡ አለመፈረም፤ በሕግ የተፈቀደውን ክፍያ አስልቶ መጠየቅ፤ ገንዘቡ ከማለቁ በፊት ከሚወዱ ሰዎች ጋር መመካከር፤ ከሁሉም በፊት ደግሞ በሥራ ዘመን የተተከለውን ነገር መቁጠር። «ማን ዘንድ ልትገቢ ነው?» ተብላ የምትጠየቅ ሴት ለጠያቂዋ ቆጥራ የምትነግረው ይኖራታል።