ውሉ ያለቀ ለት

«የአንድ ሱቅ የመብራት ውል ሲያልቅ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ድሮ ብትጠይቁኝ «መብራት ይጠፋላ!» ብዬ እስቅ ነበር። አሁን አልስቅም። ምክንያቱን ላጫውታችሁ።

ታላቅ ወንድሜ አርቦሬ ትንሽ ሱቅ አለችው። አርቦሬን ለማታውቁ፣ ከወይጦ ወደ ቱርሚ ሲወረድ መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ከብት አርቢና ማሽላ ዘሪ የሆነ ሕዝብ አገር ነች። ሱቋ ስኳርና ሳሙና ትሸጣለች፤ የሚያኖራት ግን ሞባይል ቻርጅ ማድረግና ፀጉር ማስተካከል ነው። ቤቱ ቆጣሪ ስላልነበረው ወንድሜ ከአንድ የጂንካ ነጋዴ ሶላር፣ ባትሪና ኢንቨርተር ለአንድ ዓመት ተከራየ።

ውሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያኔ የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት እጠብቅ ነበር፤ የእጅ ጽሑፌም ስለሚያምር ኮራ ብዬ ጻፍኩ። «ከነሐሴ 1 ቀን 2016 ዓ.ም እስከ ሐምሌ 30 ቀን 2017 ዓ.ም» አልኩ። የወሩን ኪራይ፣ ዕቃው ቢሰበር ማን እንደሚከፍል፣ የሦስት ምስክሮችን ስም፣ ሁሉንም አሰፈርኩ። ከሐምሌ 30 በኋላ ስለሚሆነው ግን አንድም ቃል አልጻፍኩም። ማንም አላሰበውም።

በ2017 ክረምት ለዕረፍት ወንድሜ ጋ ሄድኩ። ነሐሴ 1 ቀን ጠዋት የነጋዴው ሠራተኛ በሞተር መጣና «ውሉ አልቋል፤ በእጥፍ ኪራይ የምትቀጥሉ ከሆነ ፈርሙ፣ ካልሆነ ዕቃውን ላንሳ» አለ። ወንድሜ ስልክ ደውሎ «ኧረ ጋሼ፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብለው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» አላቸው። «ቀኑ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ የለ እንዴ፣ ልጄ?» አሉት። እውነታቸውን ነው። ቀኑን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ወንድሜ አልፈርምም አለ። ሶላሩ ከጣሪያው ወረደ። መደርደሪያው ላይ ቻርጅ ሊደረጉ የመጡ አሥራ ሰባት ስልኮች ነበሩ። ከሰዓት ባለቤቶቹ እየመጡ ባዶውን ስልክ ይዘው ተመለሱ። አንዱ ወጣት ቅዳሜ ዲመካ ገበያ ለሚገዛት ፍየል የያዘው ብር ቴሌብር ላይ ነው፤ ስልኩ ካልበራ ብሩ የለም ማለት ነው።

ከሁሉ የማልረሳው ግን አንዲት እናትን ነው። ልጃቸው ሩቅ አገር ሆስፒታል ተኝቷል፤ ማታ ይደውላል ተብለው ነበር የሚጠብቁት። ወንድሜ ውል ማለቁን ሊያስረዳቸው ሞከረ። እሳቸውም በአስተርጓሚ እንዲህ አሉ፦ «ውሉ የአንተና የሰውየው ነው። ስልኩ ግን የእኔ ነው።» መልስ አልነበረንም። ስልካቸውን ይዤ መንገድ ዳር ወጣሁና የቆመ አይሱዙ ሹፌር ለምኜ ከመኪናው ላይ አስሞላሁ። ማታ ልጁ ደወለ፤ ደህና ነበር። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጊቢ ስመለስ ነገሩን ማንበብ ጀመርኩ። እንግሊዝ አገር ኤሌክትሪክ የሚሸጡ ኩባንያዎች ብዙ ስለሆኑ ነጋዴው ከአንዱ ጋር የጊዜ ገደብ ያለው ውል ይፈራረማል። ሳያድስ ቀኑ ካለፈበት መብራቱ ወዲያው አይቆረጥም፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ በጣም ወደሚወደድ ታሪፍ ይገባል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የዋጋ ጣሪያም የሚጠብቀው መኖሪያ ቤቶችን እንጂ ነጋዴን አይደለም።

እኛ አገር ለሕዝቡ የሚያከፋፍለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ታሪፉ የሚወሰነው በመንግሥት ነው፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮም በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተደርጓል። ስለዚህ ባለሱቁ በየዓመቱ የዋጋ ውል አያድስም። ለእሱ የሚያልቅበት ሌላ ውል ነው፤ የቤት ኪራዩ። ቆጣሪው አብዛኛውን ጊዜ በአከራዩ ስም ስለሆነ፣ ኪራዩ ያለቀ ለት ፀጉር ቤቱም ወፍጮ ቤቱም መብራቱን ትቶ ነው የሚወጣው። ወንድሜን የገጠመው የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው። ኦሞ ወንዝ ላይ በ2009 ዓ.ም የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ የዚያች ሱቅ ብርሃን ግን በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

በአራተኛው ቀን ሽማግሌ ገብቶ፣ ከድሮው ኪራይ ላይ ግማሹ ተጨምሮ ተስማሙ። አዲሱንም ውል እኔው ጻፍኩት። አሁን ግን ሁለት መስመር ጨመርኩ፦ አንደኛ፣ ውሉን ማደስ ወይም ዋጋ መቀየር የፈለገ ወገን ከአንድ ወር በፊት ይናገራል፤ ሁለተኛ፣ ቀኑ ቢያልፍም ሁለቱ እስኪነጋገሩ ድረስ ለ15 ቀን በነበረው ዋጋ ይቀጥላል። ነጋዴው አነበቡትና «አሁን ገና ተማርክ» ብለው ፈረሙ።

ክፍል ውስጥ ዜና ስንጽፍ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት እያልን እንጠይቃለን። እኔ ያን ወረቀት ስጽፍ «መቼ» የሚለውን በደንብ መልሼ ነበር። «ከዚያስ?» የሚለውን ግን ረሳሁ። ጓደኞቼ፣ የሱቅም ይሁን የዶርም ዕቃ ውል ስትፈርሙ መጨረሻው ቀን ላይ አታቁሙ፤ የሚቀጥለውን ቀን ጠዋትም ጻፉበት።