ጃን ሜዳ፦ ምንም ያልተሠራበት ግቢ

ከስድስት ኪሎው የሰማዕታት ሐውልት ወደ ምሥራቅ ጥቂት እንደሄዱ ከተማው ድንገት ይከፈታል። ጃን ሜዳ በነገሥታቱ ዘመን ጦር የሚሰለፍበት፣ ፈረስ የሚጋለብበት ነበር፤ ዛሬ ግን የሚጋልበው በአብዛኛው የሰፈር ልጅ ነው።

እሑድ ማለዳ ሲገቡ መጀመሪያ የሚሰማው ጩኸት ነው። ብዙ ግጥሚያ ጎን ለጎን ይካሄዳል፤ የአንዱ ኳስ የሌላውን ጨዋታ አቋርጦ ሲያልፍ ማንም አይቆጣም፣ በእግሩ መልሶ ይልከዋል። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ወይም የተከመረ ጃኬት ስለሆነ “ገባ፣ አልገባም” የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም። ዳኛ ከሌለ ዳር የቆመው መንገደኛ ይፈርዳል። ለሰፈሩ እንግዳ የሆነ ሰው እንኳ ሁለት ሦስቴ ከፈረደ በስሙ መጠራት ይጀምራል።

ዳር ዳሩን ሯጮች ይዞሩታል። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ስለሚበልጥ ትንፋሽ ይፈትናል። በስሙ የሚጠራው የአገር አቋራጭ ውድድር ለዓለም ሻምፒዮና የሚሄዱ አትሌቶች የተመረጡበት ነው። ብሔራዊ ቡድን የሚመኘው ወጣትና ቦርጩን ሊያጠፋ የመጣው ጎልማሳ አንድ አቧራ ይምጋሉ።

በገና ዕለት ደግሞ በቆልማማ ዱላ ሩር ይመታበታል። በዚህ ጨዋታ ጌታ አይቆጣም፤ በሌላ ቀን ቀና ብለው የማያዩትን ሰው ያን ቀን መጋፋት ይቻላል።

ጥር 10 ቀን ከተራ ነው። ከየአድባራቱ የወጡ ታቦታት እዚህ ያድራሉ፤ በማግሥቱ ውሃው ተባርኮ ይረጫል። ዩኔስኮ ጥምቀትን በ2012 ዓ.ም. መዝግቦታል። እኔን የሚገርመኝ ግን ከበዓሉ በፊት ያለው ግርግር ነው፦ የየሰፈሩ ወጣቶች ገንዘብ ያዋጣሉ፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት ያሠራሉ፣ በታቦቱ ፊት ቀይ ምንጣፍ እያነጠፉና እየጠቀለሉ ማን እንደሚሮጥ ይደለደላሉ። ዓመቱን ሙሉ ሰላም የማይባባሉ ጎረቤታሞች ለምንጣፍ ሲሉ ይገናኛሉ።

በዚያው በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የፒያሳው አትክልት ተራ መጨናነቅ ስላሰጋ ገበያው ወደዚህ መጣ። ውሳኔው ለጊዜው ያስኬድ ነበር፤ ያን ያህል ክፍት ቦታ መሀል ከተማ ሌላ የት ይገኛል? ክረምቱ ሲብስ ግን ሳሩ ጭቃ፣ ጭቃው የበሰበሰ ጎመንና ቲማቲም ሆነ። ነጋዴዎቹ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከተዛወሩ በኋላ ወጣቶች አካፋ ይዘው ወጡና ሜዳው ለ2013ቱ ጥምቀት ደረሰ።

ባዶ መሬት ሲያይ እጁ የሚበላው ባለሥልጣንና ባለሀብት አይጠፋም። እኔ ግን ጃን ሜዳን የሁሉ ያደረገው ባዶነቱ ይመስለኛል፤ ካህኑም ተጫዋቹም ሯጩም ተራቸው ሲያልቅ ለቀው ይወጣሉ። አንዱ ቋሚ ነገር ከተከለ ለሌላው ቦታ አይተርፍም። ዳሩ ላይ ንጹሕ መጸዳጃ፣ የሚጠጣ ውሃና ለሽማግሌዎች ጥላ ያለው መቀመጫ ቢበዛ ግን አልቃወምም።

መሄድ የሚፈልግ ሰው እሑድ በጠዋት ይሂድ። ጓደኛ ማስከተል አያስፈልገውም፤ አንድ ሰው የጎደለው ቡድን አይታጣም፣ የሚጎድለውም ብዙ ጊዜ በረኛ ነው።