ሺቦሌት በሉ የተባሉ ልጆቻችን

በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 ላይ አስፈሪ የቋንቋ ፈተና አለ። የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው የሚያልፈውን ሁሉ አንዲት ቃል ያስጠሩት ነበር። ኤፍሬማዊው “ሺቦሌት” ማለት አይሆንለትም፤ “ሲቦሌት” ይላል። በዚያን ጊዜ 42,000 ሰው እንደ ወደቀ ተጽፏል።

በየዓመቱ ከጥቅምት ጀምሮ የምክር ደብዳቤ ፍለጋ ወደ ቢሮአችን የሚመጡትን የ12ኛ ክፍል ልጆች ስናይ ይህ ታሪክ ትዝ ይለናል። አሜሪካ ላሉ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያመለክቱ ናቸው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተምረዋል፤ ሲያለቅሱና ሲጸልዩ ግን በአማርኛ ነው። ቶፌል ወይም አይኤልትስ ይፈተናሉ፤ ለፈተናው የሚከፈለው በዶላር ስለሆነ ቤተሰብ ይጨነቃል። ቢሆንም ተስፋው እውነተኛ ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት የውጭ አገር አመልካችን ሲመርጡ የቤተሰቡን ገንዘብ አያዩም፤ ለተቀበሉትም ልጅ የጎደለውን ይሞላሉ። በሌላ በኩል ሃርቫርድ ከ100 አመልካች የሚቀበለው 5 እንኳ አይሞላም።

ልጆቹን ግን ከፈተናው ይልቅ የሚያስጨንቃቸው ድርሰቱ ነው። ኮመን አፕ በሚባለው የማመልከቻ ሥርዓት የሚላከው ድርሰት ከ650 ቃላት አይበልጥም፤ የሚጠይቀውም “አንተ ማን ነህ?” ብሎ ነው። እኛ ደግሞ ስለ ራሱ የሚያወራን ልጅ “አፍህን ሰብስብ” ብለን አሳድገናል። (ይህንን ጽሑፍ እንኳ “እኔ” ብለን መጻፍ ከብዶን “እኛ” እያልን ነው።) ልጁ ታዲያ በባዕድ ቋንቋ፣ ባልለመደው ድፍረት፣ ራሱን እንዲገልጥ ይጠየቃል። ደላላው የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ከመዘምራኖቻችን አንዷ ገንዘብ ከፍላ ያስጻፈችውን ድርሰት ይዛ መጣች። እንግሊዝኛው እንከን የለውም። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስንደርስ ግን እናቷ ሞተዋል! እናቷ እኮ እሑድ እሑድ ሦስተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ።

“ፓስተር፣ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው” አለችን።

“እማዬ ፊት ታነቢዋለሽ?” አልናት። ዝም አለች።

ማመልከቻው ላይ የተጻፈው ሁሉ የራሷና እውነት መሆኑን አረጋግጣ መፈረም አለባት። ቃሏን ከሰጠች በኋላ ውሸቱ ቢታወቅ ቦታዋን ልታጣ ትችላለች። ለእኛ ግን የከበደን ሌላ ነገር ነው፤ በሕይወት ያለች እናትን ለአራት ዓመት ትምህርት መቅበር። በሐዘኔታ የተገኘ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ጓደኞቿ ስለ እናቷ ሲጠይቋት ምን ልትል ነው?

ሌላው ወጥመድ የኮምፒውተር ጸሐፊው ነው። ኮመን አፕ በእርሱ የተጻፈን ድርሰት የራስ አስመስሎ ማቅረብን ከማጭበርበር ይቆጥረዋል። የሚያሳዝነው፣ ያልነኩትም ይጠረጠራሉ። በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች የማሽን ጽሑፍ እንለያለን የሚሉ ሰባት መሣሪያዎችን ፈትነው ነበር። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ከጻፏቸው 91 የቶፌል ድርሰቶች መሣሪያዎቹ በአማካይ ከግማሽ በላዩን “የማሽን ነው” ብለዋል፤ ቃሉ ቀላልና የተለመደ ስለሆነ። ይህ ግፍ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ስለዚህ ልጆቻችን ረቂቆቻቸውን ሁሉ እንዲያስቀምጡ እንመክራለን።

ልጅቷ ድርሰቱን ትታ ሌላ ጻፈች። እናቷ እንጀራ እየጋገሩ ይሸጣሉ፤ የዱቤ ደንበኞችን ሂሳብ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ የምትይዘው እርሷ ናት። ማን እንደሚከፍል፣ ማን እንደማይከፍል፣ እናቷ የማንን ዕዳ “ሰርዢው” እንዳሏት ጻፈች። እንግሊዝኛው እዚህም እዚያም ይጎብጣል። ሰዋስው ያረመላት አስተማሪዋ ነው፤ እርሱ የተፈቀደ ነው። ለእናቷ ወደ አማርኛ እየመለሰች ስታነብላቸው፣ የተሰረዘው ዕዳ ላይ ሲደርሱ “ይሄንንም አወራሽው?” ብለው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

እኛም ደብዳቤዋን ጻፍን። ባለ ራእይ፣ የትውልድ መሪ ምናምን አላልንም፤ የመዘምራንን መዋጮ ሁለት ዓመት ይዛ አንድ ብር እንዳልጎደለ ጻፍን። መልሱ በመጋቢት ይጠበቃል።

ደብዳቤ የምትፈልጉ ልጆች ግን አደራ፣ በጊዜ ኑ። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ታኅሣሥ 23 አካባቢ ይዘጋሉ፤ ያ ሳምንት ለእኛ የገና ዝግጅት ነው።