የክዳኑ ምርኩዞች

የመኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ክዳን ተከፍቶ የሚቆመው ግራና ቀኝ ባሉት ሁለት ምርኩዞች ነው። በውስጣቸው የታመቀው ናይትሮጅን ይገፋል፤ እነርሱም ይሸከማሉ። ማሸጊያው ላስቲክ ሲያረጅ ግን ኃይላቸው በአንድ ቀን አይጠፋም፤ ቀስ በቀስ ይከዳቸዋል። ባለቤቱም ድካማቸውን ይለምደዋል፤ አንድ ቀን በትከሻው፣ ሌላ ቀን በመጥረጊያ እጀታ ይደግፋል። እንጨቱ ያዳለጠ ዕለት ክዳኑ የሚያርፈው የጤፉን ጆንያ ለማውጣት ባጎነበሰ ሰው ማጅራት ላይ ነው።

መፍትሔው ከቤት ደጃፍ አይርቅም። ክዳኑ በጽኑ እንጨት ይደገፋል፤ የመያዣው ሽቦ በካቻቢቴ ፈልቀቅ ይደረጋል፤ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ፣ ክዳኑ ሲዘጋ ዘንጉ ወደ ታች እንዲያይ ሆኖ ይገጠማል፤ ዘይቱ ማሸጊያውን ያረጥብለታልና። አንዱ ሲለወጥ ሌላውም ይለወጣል፤ ብርቱው የደካማውን ሸክም ደርቦ ሲሸከም እርሱም ፈጥኖ ይደክማል።