ቀዳዳ ከመድፈን በፊት

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ መቀመጧን በጂኦግራፊ ትምህርት ተምረነዋል፤ ትርጉሙ የገባን ግን በኅዳር ሌሊት፥ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፥ በአንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ስንጠቀለል ነው። ሦስት ተማሪዎች ሆነን የምንኖርባት ክፍል ከአከራያችን ከእማማ ቤት ጋር ተያይዛ የተሠራች ናት። ግድግዳው ጭቃ፥ ኮርኒሱ የማዳበሪያ ጆንያ ነው። እማማ «እኔንም ብርዱ ገደለኝ ልጆቼ» ባሉን ጊዜ፥ ዕቃውን እሳቸው ሊገዙ፥ ጉልበቱን እኛ ልናዋጣ ተስማማንና ቤቱን ለማደስ ተነሣን።

በዚያው ዕለት ጭቃና ሲሚንቶ ይዘን ያገኘነውን ቀዳዳ ሁሉ ልንደፍን ነበር። ነገር ግን ከመካከላችን የምሕንድስና ተማሪ የሆነው ወንድማችን «ሐኪም እንኳ ሳይመረምር መርፌ አይወጋም» ብሎ ከለከለን። ስለዚህ አንድ ደብተር ገዝተን ምርመራ ጀመርን።

የመጀመሪያው ተመርማሪ ቆጣሪው ነበር። እማማ የመብራት ሒሳብ በበዛ ቍጥር የሚቈጡት ሌሊት ለጥናት በምናበራው አምፖል ነውና፥ ነገሩ ለእኛ የክብር ጉዳይ ነበር። ቅዳሜ ጥዋት እንጀራ ሲጋገር ቆጣሪውን በፊትና በኋላ አነበብነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይስባል፤ አንድ ሰዓት ሳያቋርጥ የሚበላው ኀይል ባለ 9 ዋት አምፖልን ከ380 ሰዓት በላይ ያበራል። አምፖላችን በነጻ ተለቀቀ! እማማም የሁለት ቀኑን ጋገራ በአንድ ቀን ቢያጠቃልሉት፥ ምጣዱን ሁለት ጊዜ ከማጋል እንደሚድኑ ተረዱልን።

ቀጥሎ ነፋሱን መፈለግ ነበር። ነፋስ በዓይን አይታይምና በዕጣን ጢስ ተከታተልነው። ነፋሻ በሆነ ምሽት በርና መስኮቱን ዘግተን ማጨሻውን በየጠርዙ አዞርነው፤ ጢሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደኅና ነው፥ ከተንቀጠቀጠና ከተዘነበለ ግን ቀዳዳ አለ። በበሩ ግርጌ፥ በመስኮቱ ማዕዘን፥ ግድግዳውና ቆርቆሮው በሚገናኙበት ሁሉ 17 ቀዳዳ መዘገብን። ኮርኒሱንም በእጃችን ዳሰስነው። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ቆርቆሮ ደግሞ ጥርት ባለ ሰማይ ሥር ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ዋናው ሌባ ከራሳችን በላይ እንዳለ ዐወቅን።

በዚያ ምሽት 17ቱን ቀዳዳ በኩራት ለእማማ ስናነብላቸው፥ እሳቸው የቡናውን ከሰል ከነፍሙ ወደ መኝታ ክፍላቸው ያስገባሉ።

«ምን ሊያደርጉት ነው?» አልናቸው።

«ልሞቀው ነዋ! ሁልጊዜስ እንዲህ አይደል የማድረው? ጥዋት ጥዋት ብቻ ራሴን ይከብደኛል፤ እሱም የብርዱ ነው።»

እርስ በርሳችን ተያየን። በደብተራችን ዋቱ ተጽፏል፥ ቀዳዳው ተቈጥሯል፤ እሳቱ የት እንደሚያድር ግን አንድም መስመር የለም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ የተኛውን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። እንግዲህ እማማን እስከ ዛሬ ያቈዩልን፥ እኛ ልንደፍናቸው የቈጠርናቸው እነዚያው ቀዳዳዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። ሳንመረምር ሥራ ጀምረን ቢሆን ኖሮ፥ በበጎ ፈቃዳችን ምን ልናደርግ እንደ ነበር ማሰቡ ራሱ ያስፈራል።

«ከሰሉን ይተዉት» ማለት ቀላል ነበር። እማማ ግን «ታዲያ ምን ልሙቅ? ደብተራችሁን?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ስለዚህ የሥራውን ተራ ገለበጥነው። ቀዳዳዎቹን ለጊዜው ትተን ከላይ ጀመርን፤ ጆንያውን አውርደን ችፑድ መታን። ክፍሉ ለውጥ ባሳየ ጊዜ፥ እማማ ከሰሉ በረንዳ ላይ እንዲቀር እሺ አሉ። ከዚያ በኋላ ነው የታችኞቹን ቀዳዳዎች የደፈንነው፤ ከላይ ካሉት 2ቱን ግን አየር እንዲለዋወጥ ብለን ሆን ብለን ተውናቸው። አሁን እማማ ጥዋት ራሳቸውን አይከብዳቸውም። ብርዱ ፈጽሞ ጠፋ ብንል ግን መዋሸት ይሆናል፤ አንድ ብርድ ልብስ ዛሬም ለሁለት አይበቃም።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ! በመጪው ዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ፥ የተማርነውን ለማሳየት እጃችን ይቸኵል ይሆናል። ቆጣሪ ማንበቡም፥ ቀዳዳ መቍጠሩም መልካም ነው። ነገር ግን ከሁሉ በፊት በቤቱ የሚያድረውን ሰው «ሌሊት እሳቱ የት ነው የሚያድረው?» ብለን እንጠይቅ።