የተሰወረው ቡአ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። አባባሉ ጥፋቱን የሚጥለው በሕመምተኛው ላይ ነው። ዳሩ ግን በሽታው ራሱ ሲደበቅስ? ሕመምተኛው «እዚህ ላይ ነው» እያለ የሚያምነው ሲያጣስ?

ለሰባት ወራት ያህል፣ ከእምብርቴ ዝቅ ብሎ በግራ በኩል፣ መጻሕፍት በተሸከምሁ ወይም ባሳለኝ ቁጥር የሚወጋ ሕመም ነበረብኝ። ሁለት ሐኪሞች አስተኝተው ዳበሱኝ፤ እብጠት አላገኙም። አንደኛው ስለ ፈተና፣ ስለ እንቅልፍና ስለ አገር ናፍቆት ጠየቀኝ። ናፍቆቱ እውነት ነበር፤ ነገር ግን ናፍቆት በአንድ ጣት ተጠቁሞ የሚገኝ ስፍራ የለውም።

ሦስተኛዋ ሐኪም ቆሜ እንድስል አዘዘችኝ። ቀጥላም በአልትራሳውንድ፣ ኋላም በሲቲ ስካን አስመረመረችኝ። ስሙንም ነገረችኝ፦ የስፒጌል ቡአ። ስያሜው ከፍላንደርሱ የሰውነት አካላት ሊቅ ከአድሪያን ቫን ደን ስፒጌል (1578–1625) የተወሰደ ነው። እርሱ በሆድ ጡንቻ ጠርዝ የሚወርደውን ግማሽ ጨረቃ መሰል መስመር ገለጸ፤ ቡአውን ለይቶ ያስታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1764 ዮሴፍ ክሊንኮሽ ነው። ከሆድ ግድግዳ ቡአዎች መካከል ከመቶ 2 ያህሉ ወይም ከዚያ በታች ቢሆን ነው።

የሚሰወርበት ምክንያት ግልጽ ነው። የሆድ ግድግዳ ድርብርብ ነው። የውስጠኞቹ ንጣፎች ሲሳሱ ሞራ ወይም አንጀት በክፍተቱ ይሾልካል፤ የላይኛው ሽፋን ግን እንደ ጸና ስለሚቆይ እብጠቱን ይጋርደዋል። ቀዳዳው ጠባብ በመሆኑም አንጀት ታንቆ ደም ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች ሳይዘገይ እንዲጠገን ይመክራሉ።

ዘመድ በሌለበት አገር የስምምነቱን ወረቀት ፈረምሁ። «አስፈላጊ ሲሆን የሚጠራ የቅርብ ሰው» በሚለው መስመር ላይ የክፍል ጓደኛዬን ስም ጻፍሁ። በሦስት ትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብተው የሾለከውን ሞራ መለሱ፤ ክፍተቱን ሰፍተው በሰው ሠራሽ መረብ አጠናከሩት። በማግስቱ በእግሬ ወጣሁ።

በስደት የምትማሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ በባዕድ ቋንቋ ሕመምን ማስረዳት ከባድ ነው፤ «ምንም የለብህም» የሚለውን ቃል ተቀብሎ መውጣት ይቀላል። ነገር ግን እንዲህ ስትባሉ፣ ምርመራው ተኝታችሁ ብቻ ወይስ ቆማችሁም እንደ ተደረገ ጠይቁ። ጓደኛችሁ ስሙን በዚያ መስመር ላይ እንድትጽፉ ሲፈቅድም፣ እናንተ ደግሞ የእርሱ ተጠሪ ሁኑ።